ግድግዳው «እንዴት አደሩ?» ሲል

በጨው አምባ ከተማ የሚነጋው ግድግዳው «እንዴት አደሩ?» ሲል ነው። ሐይቁ ደርቆ ወለሉ ጨዋማ አቧራ ብቻ ከሆነ ወዲህ መስኮት የሚከፍት የለም። ሁሉም ቤት ንጹሕ አየር የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከተገጠመው ነፋሻ ከሚባለው ቱቦ ነው። ነፋሻው በየጠዋቱ የቤቱን ሰው ይጠይቃል፤ እንደ መልሱም የቀኑን አየር ይለቃል። ሕዝቡ ለምዶታል፤ ፊቱን እየታጠበ፣ ጫማውን እያሰረ ይመልስለታል።

ይህን ዘዴ የቀየሰችው ርብቃ ልሳነወርቅ የምትባል የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ናት። የነፋሻው ድምፅም የእሷ ነው። ድሮ አየር በገንዘብ ሲሸጥ ሀብታሙ ለውሻው ሳይቀር ይገዛ ነበር፤ የድሃው ልጅ ግን ሳንባው በአቧራ ተቃጥሎ ይሞት ነበር። ይህ አንጀቷን አሳረራት። እጥረት ያለበት ነገር አብልጦ ለሚፈልገው ይድረስ፣ ፍላጎቱንም ኪሱ ሳይሆን አንደበቱ ይናገር አለች። ያም ሆኖ ሰው አጋንኖ ይጠይቃል ብላ ስለፈራች ሁለት ደንብ አወጣች። ለአንዱ የሚጨመረው ከዚያው ሰፈር ከሌላው ተቀንሶ ነው፣ ትርፍ የተባለ ብቻ ወደ ሌላ ሰፈር ይሻገራል፤ ስለ ሌላ ሰው መመለስም ክልክል ነው። ሰው አሳንሶ ይጠይቃል የሚል ሐሳብ በአእምሮዋ ሽው አላለም።

ታዲያ በአሮጌው ወደብ ሰፈር ሰው በሳል ማለቅ ሲጀምር ሁሉም ግራ ገባው። አየሩን የሚመራው ማሽን እንደሚለው ከሆነ ከከተማው ሁሉ በአየር የጠገበው ያ ሰፈር ነበር። ቱቦ ተበላሽቶ ይሆናል ተባለና ርብቃ ራሷ ልትፈትሽ በማለዳ ወረደች። አባቷም የሚኖሩት እዚያው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን በሐይቁ ላይ ጀልባ ሲነዱ ኖረው፣ ውሃው ሲሄድ እሳቸው አልሄድም ያሉ ሰው። ከጠየቀቻቸው ቆይታለች። በማሽኑ ላይ የቤታቸው ምልክት ሁልጊዜ አረንጓዴ ስለሆነ ሰላም ናቸው ብላ ነበር።

ቤታቸው ስትገባ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ገና እጃቸውን ሳትይዝ ነፋሻው በእሷ ድምፅ ተናገረ።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ልሳነወርቅ? አየሩ ይበቃዎታል?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይበቃኛል፣ ልጄ» አሉ። ቱቦው ተዘጋ።

ርብቃ የያዘችው የመፍቻ ቦርሳ ከእጇ ወደቀ። የተበላሸ ቱቦ አልነበረም።

«አባዬ፣ አሁን አንተ ደህና ነህ?»

«እንዴት አደርክ ላለ ሰው ታፈንኩ ይባላል?» አሉ በሳል መሀል። «ድምፁ ደግሞ ያንቺ ነው። በጠዋት ላስደነግጥሽ?» ቀጥለውም ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታቸው የጥሩወርቅ ሕፃን እንዳለች፣ እሳቸው ካስጨመሩ ከእሷ እንደሚቀነስ ነገሯት።

ርብቃ እየሮጠች ጎረቤት ገባች። ጥሩወርቅ ሕፃኗን አቅፋ እያባበለች ነበር። እሷም በየጠዋቱ ይበቃናል እንደምትል፣ ይህንንም የምታደርገው ለጋሼ ልሳነወርቅ ይትረፋቸው ብላ እንደሆነ አፍራ ተናገረች። ሁለቱ አንዱ ለአንዱ ሲተው፣ ማሽኑ የሁለቱንም ድርሻ ትርፍ ነው ብሎ አፉን ሞልቶ ወደሚጠይቅ ሌላ ሰፈር ሲያሻግረው ኖሯል።

ተመልሳ ነፋሻው አባቷን ዳግም እንዲጠይቅ አደረገች። «አልበቃኝም በል፣ አባዬ። አንዴ ብቻ፣ ስለ እኔ ስትል» ብላ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ለልጃቸው ሲሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ሳል ቃሉን ከአፋቸው ነጠቃቸው።

«አልበቃውም!» ብላ ጮኸች።

«ይቅርታ» አላት የገዛ ድምፅዋ በትሕትና፤ «ስለ ሌላ ሰው መመለስ አይቻልም።»

ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሟቸው ወጣ። ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ አረፉ።

ከቀብር በኋላ ሰፈሩ ቤቱን ሞላው። ርብቃ ሐዘኑ እንዳበቃ ያወጣችውን ደንብ ከሥሩ ልትነቅለው ምላለች። ስታለቅስ ውላለች፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የገባው አቧራም ደረቷን እንደ በርበሬ ይለበልባታል። በማግስቱ ጠዋት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሳለ ነፋሻው ቤቱን በስሟ አዙሮ ጠየቃት።

«እንዴት አደሩ፣ ርብቃ? አየሩ ይበቃዎታል?»

ለቀስተኛው ዙሪያዋን ተቀምጧል። ጥሩወርቅ ጥግ ላይ ሕፃኗን ጡት ታጠባለች፤ የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማል።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ርብቃ፤ «ይበቃኛል።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ቱቦው ተዘጋ። ከለቀስተኛው አንድም ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ ሁሉም በየቤቱ ጠዋት ያንኑ መልሶ ነበር የመጣው።