ክሊፕታውን ሐዲድ ላይ የሰማነው ምት

ስሙኝማ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ አገር ቤት ሆሳዕና ከተማ ሳለን አክስቴ ሕልም መፍታት ስትጀምር ከክፍሉ ተነስቼ የምወጣ ልጅ ነበርኩ፣ የተማርኩትም ፊዚክስ ነው፣ ቁጥር ካላየሁ ነገር አይዋጥልኝም፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስደንቃችሁ እንዳልሆነ እመኑኝ፣ ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ባለቤቴ ደሳለኝ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችው፣ እኔ ደግሞ በአንድ አነስተኛ የጨረር ደኅንነት ድርጅት እሠራለሁ። ያን ሰሞን የተሰጠን ሥራ የኑክሌር ቆሻሻ በባቡር ቢጓጓዝ ለሰው ያሰጋ እንደሆነ መገምገም ነበር። ገና ሐሳብ ነው እንጂ ቅንጣት ቆሻሻ አልተጫነም፣ ቆሻሻው ሊያዝበት የታሰበውን ወፍራም የብረት በርሜል ባዶውን ፉርጎ ላይ አስረን፣ ባቡሩን በዝግታ እያስነዳን፣ ሐዲዱ የት የት እንደሚያንገጫግጭ፣ ቤቶቹ ምን ያህል እንደሚቀርቡ፣ ከመሬቱ የሚወጣው ተፈጥሯዊ ጨረር በየቦታው ስንት እንደሆነ እንመዘግባለን።

ከበርሜሉ ኋላ ባለው ፉርጎ የጨረር መለኪያውን ይዘን የተቀመጥነው እኔና ማ ዛንዲ ነን። ማ ዛንዲ ጡረታዋ የተቃረበ የሶዌቶ ሴት ናት፣ «ማ» የምንላት እንደ እናት ስለምናያት ነው፣ አራት ልጆች አሳድጋለች፣ እኔን «ምንታናሚ» ነው የምትለኝ፣ በዙሉ ልጄ ማለት ነው፣ እናቴ ሩቅ ስለሆነች ይሁን እንጃ፣ እንደዚያ ስትለኝ ሆዴ ይባባል።

መለኪያው ጨረር ሲያገኝ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ያ ድምፅ መቼም ሥርዓት የለውም፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነው፣ አንዴ ይከታተላል፣ አንዴ ዝም ይላል፣ የድሮ የወርቅ ማዕድን አፈር በተከመረበት ስናልፍ ይበዛል፣ ካለፍን ይቀንሳል፣ በቃ። ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ማ ዛንዲ ከቴርሞሷ ሻይ እየቀዳችልኝ ክሊፕታውን የሚባለው የሶዌቶ ሰፈር ስንደርስ ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ ፉርጎው የሐዲዱን መገጣጠሚያ ሲረግጥ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ግን እኩል ሆነ፣ ፈጣንና ለስላሳ፣ ጠቅጠቅ፣ ጠቅጠቅ፣ ጠቅጠቅ።

ያን ምት አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሐኪም ቤት በማሽን ሰምቼዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስመለስ ማሽኑ ዝም ብሎ ነው የጠበቀኝ።

ማ ዛንዲ ኩባያውን አስቀመጠች። «ምንታናሚ፣ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

«የሕፃን ልብ ነው።»

«ማ፣ በርሜሉ እኮ ባዶ ነው።»

«እኔ ስለ በርሜሉ መቼ አወራሁ?» ዓይኗ ሆዴ ላይ ነው። «የወር አበባሽን ካየሽ ስንት ጊዜሽ?»

ጥቂት ቀን አልፎኝ ነበር፣ ተስፋ ማድረግ ፈርቼ በድካም ሳመካኝ ነው የሰነበትኩት።

ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ከተሰማ ባቡሩ ይቁም ነው ደንባችን፣ ሬዲዮውን አንስቼ «አቁሙ» አልኩ። ባቡሩ ቆመ፣ ምቱ ግን አልቆመም። መጠባበቂያውን መለኪያ ከሳጥኑ አውጥቼ ከፈትኩት፣ እሱም ያው፣ ጠቅጠቅ፣ ጠቅጠቅ። ፈራሽ ወይ ብትሉኝ አልፈራሁም፣ ማ ዛንዲ እጄን ይዛ ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች፣ የእኔም እንባ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ከቆርቆሮ ቤቶቹ ደጅ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት ሕፃን እንዳዘለች ወደ ፉርጎው ቀረበች።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ምንም፣ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቆማችሁ?»



የቡድን መሪያችን ከፊት እየሮጠ ሲደርስ ድምፁ ወደ ካፊያው ተመልሶ ነበር። «የድሮ የኤሌክትሪክ ገመድ ረብሾት ነው፣ ሪፖርቱ ውስጥ እንዳታስገቢው» አለኝ። ያቺ ሴት ባትጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት እሺ እለው ነበር፣ ግን «ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ፣ ተቆጣ፣ ቢሆንም ያ ቦታ እንደገና እንዲለካ ተወሰነ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «አርግዘሻል፣ ግን በጣም ገና ነው፣ ልቡ መምታት አልጀመረም» አለችኝ። «ትናንትስ?» አልኳት፣ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ደሳለኝ ስነግረው ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

ልጄ ደኅና ተወለደች፣ ስሟን ጸጋ አልናት። እኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ እያለሁ ዳግመኛው ልኬት ተደረገ፣ ያን ዕለት ማ ዛንዲ ደወለችልኝ።

«እዚያው ቦታ ስንደርስ መጣ» አለች።

«የሕፃኑ?»

«አይ፣ ይሄኛው ዝግ ያለ ነው። አንዴ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንደ ደከመው ሰው ልብ።»

«መለኪያው ጋ ማን ነበር?»

«እኔ ብቻዬን» አለችና ሳቀች። «አትፍሪ ምንታናሚ፣ ደስ ይላል እኮ፣ የምትወጂው ሰው አጠገብሽ የተኛ ነው የሚመስለው።»

ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣ ልቧ ምንም አልሆነም አሉን፣ የጸጋም ልብ እኮ የተሰማን ገና መምታት ሳይጀምር ነበር። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ጸጋን እያጠባሁ እደውልላታለሁ፣ ለምን እንደምደውል ነግሬያት አላውቅም፣ እሷም አትጠይቀኝም። አንዳንድ ቀን ለማንሳት ትዘገያለች፣ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ እኔም ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።