ጤነኛው ሰርቨር ለምን ይሞታል?

ሰርቨሩ ዛሬም ጠዋት ሞቶ ተገኘ። እሱ ላይ ያሉት የክሊኒኮችና የትምህርት ቤቶች ድረ ገጾች በሙሉ ድርግም ብለዋል፤ ስልኩም ያለማቋረጥ ይጮኻል። ቴክኒሻኗ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ቀልቷል። ሥራ አስኪያጁ ግን «እስከ ምሳ ሰዓት ምክንያቱ ካልታወቀ ዕቃሽን ሰብስበሽ ትሄጃለሽ» ብሏታል።

መርማሪዋ የተጠራችው ለዚህ ነው። ጸጉሯ የሸበተ፣ እንዲህ ያሉ ሞቶችን ስታጣራ የኖረች ሴት ናት።

«እስቲ ተቀመጪ ልጄ። ማሽኑ ደክሞ ይሆን?»

«ኧረ እትዬ! ሜሞሪው ተርፏል፣ ዲስኩም ሰፊ ቦታ አለው። ጎብኚ ሲግተለተል እንኳን ንቅንቅ አይልም። አዲስ ደንበኛ ጨምሬ አጥፍቼ ሳስነሳው ነው ‹ፋይል መክፈት አልቻልኩም› ብሎ ክልትው የሚለው። ተቃጠልኩ እኮ!»

የሽያጭ ሠራተኛው፣ «ምላሱ» እያሉ የሚጠሩት፣ ተራው ደረሰ።

«ትናንት ደንበኛ አምጥተሃል?»

«አንዲት የጥርስ ክሊኒክ። ምነው፣ እዚህ ቤት ሥራ መሥራትም ያስወቅሳል?»

«ባለፈው ሲሞትስ?»

«ያኔም... አምጥቼ ነበር።»

«አንተ ነህ ለካ የምታቃጥለኝ!» ቴክኒሻኗ ብድግ አለች።

«ቆይ ልጄ፣ አትቸኩዪ። ሰርቨሩን አስነሺና ሲሞት ምን ከፍቶ እንደያዘ አሳዪኝ።»

ስክሪኑ ላይ የፋይል ስሞች ወረዱ፤ መቆሚያም የላቸው። የድረ ገጾቹ ገጾች ከመሀላቸው እምብዛም አልታዩም። መርማሪዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ቴክኒሻኗን አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችና ሁሉንም ጠባቧ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከፍቶ የሚይዛቸው ፋይሎች ብዛት ወሰን አለው» አለች። «ይህ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው የጎብኚ መዝገብ ፋይል ይከፍታል፤ የስህተት መዝገብም እንዲሁ። ገና አንድ ጎብኚ ሳይገባ እጁ ሞልቷል። ጎብኚ ቢበዛ መዝገብ አይጨምርም፤ አዲስ ደንበኛ ሲጨመር ግን ወሰኑን ያልፋል፣ ይሞታል። ምላሱ አልገደለም፤ ቀድሞ የሞላ ቤት ውስጥ እንግዳ አስገባ እንጂ።»

«ታዲያ ማን ሞላው?» ሥራ አስኪያጁ አምባረቀ።

«እርስዎ። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ የቆመ ጊዜ ጥፋተኛው እንዲለይ ብለው ለየብቻ ይመዝገብ አሉ። በሞተ ቁጥርም ሌላ መዝገብ አስጨመሩ። ገዳዩን ሊይዙ ያስከፈቷቸው ፋይሎች ናቸው ገዳዮቹ።»

«አንድ መዝገብ ይበቃል ብዬዎት ነበር እኮ!» አለች ቴክኒሻኗ።

«ወሰኑን ከፍ ብናደርገውስ?» አለ ምላሱ።

«ደንበኛ ሲበዛ ተመልሳችሁ ታለቅሳላችሁ። ሁሉም በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ በየመስመሩ መጀመሪያ የድረ ገጹ ስም ይግባበት። መለየቱ በኋላ ይደረስበታል።»

ቴክኒሻኗ እንደተባለችው ጻፈች፤ ሰርቨሩን አስነሳችው። ድረ ገጾቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፣ የጥርስ ክሊኒኩም ጭምር። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ... ነገ በሰዓትሽ ግቢ።»

«ነገ ተኝቼ ነው የምውለው» አለች ቴክኒሻኗ ቦርሳዋን እያነሳች። «ስልኬንም አጠፋዋለሁ።»

መርማሪዋ በሩን ያዘችላት።

«ቀስ ብለሽ ሂጂ ልጄ። እንዲህ ደክሞሽ መንገድ ስታቋርጪ ግራ ቀኙን እዪ።»