መስመሩን ድንጋይ ይብላው

«ሠናይቴ፣ መስመሩን ድንጋይ ይብላው፤ እጅሽ እንዳይበላው።»

እንዲህ ያሏት አያቷ መሪጌታ ይሻው ነበሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ሠናይት ያኔ ትንሽ ስለነበረች ሳቀች። ድንጋይ ምን ጥርስ አለውና ይበላል?

ሠናይት አሁን ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ደብረ ታቦር፣ ባጃጅ እያቃሰተ ከሚወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። አባቷ አቶ ገብረየሱስ ብራና ፋቂ ናቸው። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው በካራ እየፋቁ ያሳሱታል። ጸሐፊዎች ዳዊቱንና ድርሳኑን የሚጽፉት በእሱ ላይ ነው። አያችሁ ልጆች፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለሙት ትልቁ መጽሐፍ ድሮ ፍየል ሆኖ ቅጠል ይቀነጥስ ነበር!

ካራው የሚሳለው በአያቷ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ጥንካሬው ለጉድ ነው። ቢሆንም ካራ ሲመላለስበት ከርሞ መሐሉ ይጎደጉዳል። በጎድጓዳ ድንጋይ የተሳለ ካራ ስለቱ ቀጥ አይልም፤ ሆድ ያወጣል። ሆድ ያወጣ ካራ ደግሞ ቆዳ ይበሳል።

ድንጋዩን ማስተካከል ዘዴው ቀላል፣ ሥራው ከባድ ነው። ፊቱ ላይ በእርሳስ መስመር ይሰመራል። በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የርብ ወንዝ አሸዋና ውኃ ይደረጋል። ከዚያ የካራውን ድንጋይ በፊቱ ደፍቶ በዚያ ላይ ማሸት ነው፤ ማሸት ነው፤ አሁንም ማሸት ነው። ከፍ ያለው ቦታ ቀድሞ ይታሻል፤ መስመሩም ይጠፋል። ጎድጓዳው ላይ ያለው መስመር መጨረሻ ይቀራል። እሱም ታሽቶ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካከለ ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባቷ «ዛሬ አንቺ አስተካክይው» አሏት። «ነገ የእማሆይ ወለተሥላሴን የፍየል ቆዳ እጀምራለሁ።»

እማሆይ ጎረቤት ያሉ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ያለቻቸውን አንዲት ፍየል በእጃቸው አሳድገው ቆዳዋ ላይ ዳዊት እንዲጻፍበት ተስለው ነበር። ሌላ ፍየል የላቸውም።

ሠናይት አሸች። ትከሻዋ ዛለ። የዳር የዳሩ መስመር ጠፋ፤ የመሐሉ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ይኼኔ ጓደኛዋ ሊድያ በአጥር በኩል ብቅ አለች።

«አንቺ! መዝሙር ጥናቱ ሊጀመር ነው። ከበሮው ዛሬ ያንቺ ተራ አይደል?»

«መጣሁ፣ ትንሽ ቀረኝ!»

«ካልመጣሽ እኔ እመታዋለሁ።»

«እስቲ ንኪውና!»

ሠናይት መስመሩን አየች። ቀጥላ የደብተር ቦርሳዋን አየች። ቦርሳው ውስጥ ላጲስ አለ። «አያቴ እጅ አሉ እንጂ ላጲስ መቼ አሉ?» አለች በልቧ። ልጆች፣ ሰው ሊዋሽ ሲል መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው።

ድንጋዩን በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችና መስመሩን በላጲስ አጠፋች።

«ጨረስኩ አባባ፣ ይዩት!»

አባቷ አገላብጠው አዩት። አንድም መስመር የለም። «ጎበዝ! ልክ እንደ አያትሽ!»

ሠናይት ሮጣ ሄዳ ከበሮውን መታች፤ ነገር ግን ምቱ ሁሉ ጠፋባት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ካራው መሬት ላይ ወድቋል። የተወጠረው ቆዳ መሐል አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ።

«ምን ሆነ አባባ?»

«እጄ ከዳኝ ልጄ። ድንጋዩስ ተስተካክሏል፤ ያረጀው እጄ ነው። ለእማሆይ ምን እላቸዋለሁ? ከእንግዲህ የሰው ስለት አልነካም። ብራናም ይብቃኝ።»

ሠናይት የአባቷን እጅ አየች። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዝም ካለች ግን ያ እጅ ብራና መፋቁን ይተዋል።

«አባባ፣ እጅዎ አይደለም። ላጲስ ነው።»

«ምን?»

«መስመሩን ድንጋዩ አልበላውም። እኔ በላጲስ አጠፋሁት። መዝሙር እንዳያመልጠኝ ብዬ...»

አባቷ ድንጋዩን አነሡ። የካራውን ጀርባ በላዩ አጋድመው ወደ ብርሃን አዩት። መሐሉ ገና ጎድጓዳ ነበርና ከሥር ብርሃን ሾለከ።

«ለእግዜር ልትዘምሪ ብለሽ አባትሽን ዋሸሽ?»

ሠናይት አለቀሰች።

«አልቅሺ፤ ግን እያሸሽ አልቅሺ» አሉና ድንጋዩን ሰጧት። እጃቸው እንዳልከዳቸው ስላወቁ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። «ቆዳው ሳይደርቅ ቀዳዳውን እሰፋዋለሁ። ጸሐፊው ዘሎት ይጽፋል። ለእማሆይ የምትነግሪያቸው ግን አንቺው ነሽ።»

ሄዳ ነገረቻቸው። እማሆይ ትክ ብለው አዩዋት።

«ያቺ ፍየል ጎመኔን ስትጨርስብኝ ስንቴ ይቅር ብያታለሁ፤ አንቺንማ! እግዜር ይቅር ይበልሽ።»

ሠናይት ተመልሳ አሸች። የመጨረሻው መስመር ድንጋይ በልቶት እስኪጠፋ አሸች። አባቷም ካራቸውን ስለው ፋቁ። ቆዳው ሳስቶ ነጣ። እጃቸው አልከዳቸውም።

እንግዲህ ልጆች፣ ጥፋታችንን ስንደብቀው ሌላውን ይጎዳል፤ ስንናገረውና በሥራ ስናርመው ግን ይቃናል።

ድንጋዩ እንደገና ሲጎደጉድ ሠናይት ማንም ሳያዛት አስተካከለችው። ጨርሳም አላስቀመጠችውም። እርሳሷን አወጣችና ፊቱን ሙሉ እንደ አዲስ አሰመረችው፤ አባቷን ጠርታ፣ ጎድጓዳ አለመቅረቱን እያዩላት፣ መስመሩ ሁሉ ባንድ ላይ እስኪጠፋ አሸችው።