ዓይናቸውን ጨፍነው የሰሙት ሰዓት ሠሪ

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ታኅሣሥ ፳ ቀን፣ እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰዓት ሠሪው አቶ እምሩ አባይነህ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጊዜው ሕዝቡ በየእሑዱ የሚወያይበት፣ ማለትም አንዱ የትምህርቱን መጽሐፍ ሲያነብ ሌላው ራሱን የሚነቀንቅበት ነበር። አንባቢው ጓድ አጥናፉ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢም ነበሩና፣ አቶ እምሩን «ተኝቶ ትምህርት በማቃለል» ከሰሱ፤ በሳምንቱም ራሳቸው ለችሎት ተሰየሙ።

አቶ እምሩ ግን አልተኙም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፒያሳ ተቀምጠው የሰዓት ትርታ ያዳመጡ ሰው ናቸው፤ ሰዓት ደግሞ ዓይን ተገልጦ አይደመጥም። ይህንኑ ለችሎቱ ቢያስረዱ፣ ጓድ አጥናፉ ከጎናቸው ወደ ተቀመጡት ሁለት ዳኞች፣ ወደ አንድ ባለሱቅና ወደ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘወር ብለው መመሪያ ሰጡ፤

«ጓዶች፣ የምትመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ዓይኑ ተጨፍኗል ወይስ አልተጨፈነም? ሰምቷል አልሰማም የሚለው እናንተን አያገባችሁም።»

ዓይኑማ ተጨፍኗል። ከጥር ፲ ጀምሮ የአንድ ወር እስራት ተፈረደ፤ የልጃቸው የሰርክአዲስ ሠርግ ደግሞ ጥር ፲፰ ነበር።

አቶ እምሩ ድልድዩ አጠገብ የጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ ማመልከቻ ወደሚጽፈው ወደ ኑሪ ሄዱ።

«ጋሽ እምሩ፣ ሌላው ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ እርስዎ ጨፍነው ሰሙ። ጥፋትዎ እሱ ነው።»

«አንተ ቀልድ! ልጄን ማን ይድርልኛል? ሽማግሌ ልላክ?»

«የምን ሽማግሌ፣ ይግባኝ እንላለን። ስለ ዓይንዎ አንከራከርም፤ መመሪያውን ነው የምንይዘው። ዳኞቹ መመርመር የሚገባቸውን እንዳይመረምሩ ተከለከሉ፤ አለቀ።»

«ያዋጣል?»

«ካላዋጣ ሠርጉን እስር ቤቱ በር ላይ እንደግሳለን፤ ጥበቃዎቹም ይጠራሉ።»

ጥር ፯ ቀን ይግባኙ በከፍተኛው ፍርድ ሸንጎ ተሰማ። ሰብሳቢው ጓድ ብርሃነ የኑሪን ጽሑፍ አንብበው፣ «እውነት ነው፤ ሰምቷል ወይ ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። መጽሐፉ ይነበብና አሁን እንጠይቅ» አሉ።

መልስ ሊሰጡ የቀረቡት ጓድ አጥናፉ ያንኑ ከባሕር ማዶ ታትሞ የመጣውን መጽሐፍ አነሡ። በሽፋኑ ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብበነዋል ያሉ አሥራ አንድ ጓዶች ፈርመዋል፤ የጓድ አጥናፉ ፊርማ አንደኛ፣ የጓድ ብርሃነ ሦስተኛ ነበር። ንባቡ ተጀመረ፤ አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ፤ አቶ እምሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው ጣታቸውን አነሡ።

«ይቅርታ ጓድ ሰብሳቢ፣ እዚህ ላይ የተዘለለ ነገር አለ። ያን ዕለትም እዚሁ ነበር። ላብ አደሮቹ ፋብሪካው በር ላይ እንደቆሙ ትተዋቸው ስለ ባቡር ሐዲድ ጀመሩ። እነዚያ ሰዎች ገቡ ወይስ ተመለሱ እያልኩ ሳስብ ነው የከረምኩት።»

«ሦስት ጊዜ ያነበብኩትን መጽሐፍ!» አሉ ጓድ አጥናፉ።

ከዚያ ዕለት የቀረው መዝገብ «መመሪያው የተሳሳተ በመሆኑ ፍርዱ ተሽሯል» ይላል፤ ከዚህ በላይ አንዲት ቃል የለውም። ሰርክአዲስም በቀኗ ተዳረች፤ አባቷም መርቀው ሸኟት። መዝገብ የያዘው ይተርፋል፤ ያልያዘው በአዳራሹ ከነበሩት ሰዎች ጋር ያልፋል፤ ያልያዘውም ይህን ነው።

ጓድ ብርሃነ መጽሐፉን ተቀብለው ገጹን ፈለጉ። እዚያ ላይ ሁለት ቅጠሎች ከማተሚያ ቤት እንደወጡ፣ ጠርዛቸው ሳይቆረጥ እንደተጣበቁ ነበሩ፤ በመካከላቸው ያሉትን ገጾች ማንም ገልጦ አያውቅም። ጓድ ብርሃነ ሽፋኑን ገልጠው ፊርማዎቹን አዩ፤ መልሰውም ከደኑት። ማንም ራሱን አልነቀነቀም።

አቶ እምሩ የሰዓት መክፈቻ ቢላዋቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።