የሰማንያ ስምንተኛው መለከት ብልሽት

ማክሰኞ ጠዋት ይመኙሻል እንደ ወትሮዋ መለከቶቹን በተራ እያጋደመች ልጓማቸውን ታወጣ ነበር። መቶ ሃያ መለከት፣ መቶ ሃያ ልጓም። ልጓም የሚሏት የጣት ጥፍር የምታህል ስስ ቅጠል ናት፤ መለከቱ ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጣ የነፊውን ትንፋሽ ገና ድምፅ ሳይሆን ታደምጠዋለች፣ የተንጋደደ ካለም ታቃናዋለች። በአዲስ አዋሽ ከተማ ያለ ልጓም የሚነፋ መለከት ከተሰማ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ልጆች የተሳሳተ ኖታ ምን እንደሚመስል በትምህርት ቤት ነው የሚማሩት።

ይመኙሻል የአዋሽ የከበሮና የመለከት ጓድ ቃና ሐኪም ናት። ልጓሞቹ ሲታመሙ ታክማቸዋለች፤ ግራ ሲገባቸው ደግሞ እሷን ይጠይቃሉ። እሁድ በግማሽ ፍጻሜው ትርኢት ላይ ብቻ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ጥያቄ ልከውላታል። «እርጥበት በዝቷል፣ ላድርቀው?» «የነፊው ከንፈር ደክሟል፣ ላግዘው?» እሷም አዎ፣ አይ፣ ብልሽት፣ አዎ እያለች በቅጡ ሳታነብ ዘጋቻቸው። ያን ዕለት ለልጓም ጥያቄ ማን ጊዜ አለው? ሸንጎው እየነደደ ነበር።

ሸንጎ ማለት ደጋፊዎች ቤታቸው ተቀምጠው የሚገናኙበት የድምፅ አደባባይ ነው። እዚያ የፈለጉትን ነፊ ድምፅ ከመቶ ሃያው መሀል መዝዘው ያደምጣሉ፣ ደጋግመው ያደምጣሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ። የነሐስ ድምፅ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ማለት አለበት የሚሉት ጥርቶች ይባላሉ፤ የለም፣ ነሐስ ትንሽ መቧጠጥ አለበት የሚሉት ሻካሮች። በዚህ ጉዳይ የተፋቱ ባልና ሚስት አሉ ቢባል ማንም አይገረምም። ይመኙሻል ሥራዋን ደብቃ «ጥርት ውኃ» በሚል ስም ሸንጎ ትገባለች። ዋና ባላንጣዋ «ቀይ ነሐስ» ነው፤ አቤኔዘር የሚባል ሰው መሆኑን እንጂ መልኩን አይታ አታውቅም። ሦስት ዓመት ሲነታረኩ ኖረዋል።

እሁድ የሆነው እንዲህ ነው። ጓዱ «የወንዙ መንገድ» የተባለውን ትርኢት እያሳየ ነበር። በሰባተኛው ደቂቃ ነፊዎቹ ሁሉ ከየጥጉ ፈስሰው ሜዳው መሀል ሐይቅ ይሠራሉ፣ ከበሮው ያቆማል፣ አራት ምት ዝምታ ይሆናል። ስልሳ ሺህ ሰው ትንፋሹን የሚውጥባት ዝምታ ናት። እዚያች ዝምታ ውስጥ ሰማንያ ስምንተኛው መለከት ሦስት ጊዜ ጮኸ። ረጅም፣ ሻካራ፣ መጨረሻው ላይ ቁልቁል የሚወድቅ ድምፅ። ከዚያ የሕዝቡ ሁካታ ሁሉን ዋጠው።

«ስሙኝማ!» አለ አቤኔዘር ሸንጎ ላይ። «ሠላሳ ዓመት ወተት ሲግቱን ኖረው ዛሬ ገና ጠላ ቀመስን! ይኼ ብልሽት አይደለም፣ ንድፍ ነው። ዝምታዋ የተሠራችው ለሱ ነው።»

«ንድፍ አይደለም፣ የአህያ ጩኸት ነው» ስትል መለሰች ይመኙሻል። «አህያ ደግሞ ነዳፊ የላትም።»

አርባ ሺህ ሰው ሳቀ። አንዱ ድምፁን ከእውነተኛ አህያ ጋር አጣምሮ ለቀቀው። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ተደመጠ። ይመኙሻልም በቀልዷ ትንሽ ኮራ ብላ ነበር፤ ይህን ኋላ ላይ ስታስታውሰው ፊቷን መሸፈን ያምራታል።

የትርኢቱ ነዳፊ ወይዘሮ መንበረ ወደ ሥራ ክፍሏ የገቡት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

«ዳኞቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መልስ ይፈልጋሉ» አሉ ቆመው። «ልጓሙ ተበላሽቶ ከሆነ ይቅር ይሉናል። ሰውየው ሆን ብሎ ከነፋ ግን ከእንግዲህ መለከት አይዝም። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«ጋሽ ደባልቄ ናቸው እኮ። ሠላሳ ዓመት ነፍተዋል። ምን አሉ?»

«ትናንትም ዛሬም ልምምድ አልመጣም። ስልኩን አያነሳም። እኔ የምልሽ፣ ብልሽት ነው ብለሽ ጻፊና እንገላገል። ለሱም ይሻለዋል።»

ይመኙሻል ጋሽ ደባልቄን ትወዳቸዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየእሁዱ የመለከታቸው ሳጥን ሲከፈት አንድ ጥቅል ቆሎ ይወጣል፤ ላዩ ላይ «ለይመኙ» ተብሎ ተጽፏል። የሚልኩላት ባለቤታቸው እትዬ ሻሼ ናቸው። ተያይተው አያውቁም፤ በቆሎው ብቻ ነው የሚተዋወቁት። ያለፈው እሁድ ጥቅሉ እንዳልነበረ አሁን ትዝ አላት።

የሰማንያ ስምንተኛውን ልጓም አውጥታ መረመረች። ጤነኛ ነው። ጭረት እንኳ የለውም። ያልገባት ነገር ቢኖር፣ ጤነኛ ልጓም ያን ሁሉ ጩኸት ሳያቃና እንዴት እንደለቀቀው ነው። ልጓሙ የያዘውን ድምፅ በሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ከፈተችው። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ወደቀ።

ከኋላዋ የብረት ሳህን ተንኳኳ። የመለከቶቹን አፍ የሚያጥቡት እማማ አጸደ ሥራቸውን አቁመዋል። እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው መልሰው ተከናነቡት።

«ማነው የሞተው?» አሉ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ጥሩንባው ተነፋ አይደል እንዴ? ማነው የሞተው ነው የምልሽ።»

«ይኼ መለከት ነው፣ ተበላሽቶ ነው እንጂ …»

«ልጄ፣ እኔ መለከታችሁን አላውቅም። ጥሩንባ ግን አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጎህ ሲቀድ ይዞራል። ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ የመጨረሻውን እንዲህ ጥሎት። ሰው ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ ያዳምጣል። ከዚያ ስም ይጠራል።» ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። «ስሙን አልጠራም?»

ይመኙሻል እጇን ወደ ድምፁ መቆጣጠሪያ ሰደደች። አሁን በከተማው መርዶ የሚነገረው በመዝገብ ነው፤ ሥርዓቱ ለተመዘገበ ዘመድ መልእክት ይልካል፣ ያልተመዘገበ አይሰማም። ጋሽ ደባልቄና እትዬ ሻሼ ልጅ አልወለዱም። ሸንጎው ደግሞ የሚያገኘው ዜማውን ብቻ ነው፤ ንግግር ተቆርጦ ይቀራል። ልጓሙ ግን የሚቀመጠው ጉሮሮ ውስጥ ነው፣ ሁሉንም ይሰማል። የሕዝቡን ሁካታ ቀነሰችና ከሦስተኛው ድምፅ በኋላ ያለውን ከፈተች።

«ሻሼ ወልደየስ አርፋለች» አለ የጋሽ ደባልቄ ድምፅ፣ ከመለከቱ አፍ ሳይለይ። «ቀብሯ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።»

ከሥሩ አንዲት መስመር ጽሑፍ ነበረች፤ በዚያችው ሰከንድ የተላከች። «ከሰማንያ ስምንተኛው ልጓም። ይህን ድምፅ አላውቀውም። ወዴት እንደማቃናው ስላላወቅሁ ለቀቅሁት። ምንድን ነው?» አጠገቧ የይመኙሻል የራሷ መልስ ተቀምጧል። «ብልሽት።»

ስልሳ ሺህ ሰው ሜዳው ላይ ሰማ፣ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ በሸንጎ ተደመጠ። ሁሉም መልስ ነበረው። ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ልጓሙ ብቻ ነው፤ እሱንም እሷ ዝም አሰኝታዋለች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እማማ አጸደ ትንሽ ጠበቋትና ክንዷን ያዟት።

«ተነሺ። ዛሬ ሣልስቷ ነው። ባዶ እጃችንን አንሄድም፣ ዳቦ እንያዝ።»

አድራሻውን ከጓዱ ቢሮ ጠይቀው ሄዱ። ድንኳኑ የተተከለው በሁለት ረጃጅም ሕንጻዎች መሀል ነው። አርባ ወንበር በአራት ረድፍ ተደርድሯል። ጋሽ ደባልቄ የመጀመሪያው ላይ ተቀምጠዋል፣ የጓዱን ሰማያዊ ኮት እንደለበሱ። የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ ባዶ ናቸው። እማማ አጸደ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እህቴን! እህቴን!» እያሉ አለቀሱ። በሕይወታቸው ሻሼን አያውቋትም። ጋሽ ደባልቄ ያን ሲሰሙ ሦስት ቀን ሙሉ የያዙትን ለቀቁት።

ሲረጋጉ ይመኙሻልን አዩዋት።

«ይመኙ! መጣሽልኝ? ሰምተሽ ነው?»

«ሰምቼ ነው፣ ጋሽዬ» አለች፤ እንደዚያን ቀን የከበዳት ቃል የለም። «እግዜር ያጥናዎት።»

«ሰዉስ? ሰዉ ሰማ?»

«ሰማ። ሜዳ የነበረው ሁሉ ሰምቷል።»

ባዶዎቹን ወንበሮች ቃኝተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው። ቤቱን አልተናገርኩም። አባቴ ጥሩንባ ነፊ ነበር፤ ስም እንጂ ቤት አይናገርም። ድሮ የማን ቤት የት እንደሆነ ሰው ያውቀዋል። እኔ ሞኙ እንደሱ አደረግሁ። መንገዱ ጠፍቶበት ነው እንጂ ሰው እንዴት ይቀራል?»

ይመኙሻል ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

«እሷ ናት ያስማለችኝ» አሉ ቀጥለው። «‹ስሞት በመዝገብ እንዳታስነግረኝ፣ እንደ አባትህ ንፋልኝ› አለችኝ። እሁድ ማለዳ አረፈች። ሰፈር ወጥቼ ልነፋ ብዬ መስኮቱን ሁሉ አየሁት፤ ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ነገር ሰክቷል። ሰው ያለው ሜዳ ነው አልኩና እሷን አልብሼ፣ የሕንጻውን ዘበኛ አስጠብቄ መጣሁ። ደግሞ ዝምታ ያለው እዚያ ነው። በዚህ ከተማ ሌላ ዝምታ የለም።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይመኙሻል እየተንተባተበች ነገሩን ነገረቻቸው። ብልሽት ነው ብላ ከጻፈች መለከታቸውን ይዘው ይቆያሉ፣ ድምፁም ከትርኢቱ ይፋቃል። ሆን ብለው ነው ካለች ድምፁ እንዳለ ይኖራል፣ እሳቸው ግን ዳግም ሜዳ አይገቡም።

ብዙ አሰቡ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ የመለከት ቁልፍ እንደሚጫን ሰው ጣት ይንቀሳቀሱ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ነፋሁ» አሉ በመጨረሻ። «የነፋሁት ሁሉ የልጓሙ ነው። የኔ ያቺ ብቻ ናት። ሻሼን ብልሽት ነች ብለሽ አትጻፊብኝ።»

ለዳኞቹ እውነቱን ጻፈች። ከዚያ ሸንጎ ገባች፣ በእውነተኛ ስሟ። የቀለደችው እሷ መሆኗን፣ ድምፁ መርዶ መሆኑን፣ ሣልስቱ ዛሬ መሆኑንና ድንኳኑ የት እንዳለ ጻፈች። መልሱ እንደ በረዶ ወረደ። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፤ ዐሥር ሺህ፣ ሠላሳ ሺህ። ከዚያ አቤኔዘር ብቅ አለ። «ነፍስ ይማር። ንድፍ ነው ብዬ አልነበር? ግን እስቲ ጠይቂልን፣ ሦስተኛው ላይ ሲጥለው በከንፈሩ ነው በምላሱ?» ሌላው «በምላስ አይሆንም» አለ። ተጀመረ።

እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጠበቁ። የመጣ አንድ ጎልማሳ ብቻ ነው። አንገቱን በድንኳኑ አፍ አስገብቶ «እዚህ የሚታይ ነገር አለ?» ሲል ጠየቀ። እማማ አጸደ ግባና ተቀመጥ አሉት፤ ወንበሮቹን አይቶ ይቅርታ ብሎ ሄደ።

ይመኙሻል የልጓሞቹን ጥያቄ የምትመልስበትን ሰሌዳ ከቦርሳዋ አወጣች። የእሁዱን ጥያቄ ፈልጋ «ብልሽት» የሚለውን አጠፋችና በቦታው ጻፈች። «መርዶ ነው። ሻሼ ወልደየስ የሚባሉ ሴት አርፈዋል። ቆሎ ይልኩልኝ ነበር።»

ሰሌዳው ወዲያው በራ።

«ማነው? ሰው ነው?» አሉ ጋሽ ደባልቄ ተስፋ አድርገው።

«አይ ጋሽዬ። ልጓምዎ ነው።»

«ምን ይላል?»

አነበበችላቸው። «ገባኝ። የቀሩት መቶ ዐሥራ ዘጠኙ አልሰሙም፤ ላሰማቸው?»

ጋሽ ደባልቄ ዐይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«እሱስ ደንቡን ያውቃል» አሉ። «አሰማ በይው።»

ይመኙሻል አዎ የሚለውን ነካች።