የውሰት ሕመም

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የወረቀት ኩባያ አለ፤ የሻዩ አተላ ላይ ያልሟሟ የእንቅልፍ መድኃኒት ዱቄት ተቀምጧል።

መርማሪዋ ኩባያውን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። ያስቀየማት ግን ሽታው አልነበረም፤ በሩ ላይ የቆመው ምክትላቸው ነው። ሬሳው ሳይነሳ ሰውየው ከረባቱን ያስተካክላል፤ ወይ ነውር አለማወቅ!

«ራሳቸውን ነው ያጠፉት» አላት። «ዕድሜያቸውን ሙሉ የወጣቶችን ድባቴ አጥንተው፣ በመጨረሻ እሳቸውንም ያዛቸው።»

«አዲሱ መድኃኒት ለልጆች ፍቱን ነው ያለው ጽሑፍ የሳቸው ነው?»

«የሁለታችን ነው» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ያላነበበው ሐኪም የለም።»

«ምን ምልክት አዩባቸው?»

«ብዙ! በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫሉ፤ በር ወርውረው ይዘጋሉ። እስከ እኩለ ቀን ይተኛሉ። ጥፍራቸውንማ እስኪደማ ነበር የሚነክሱት።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጆች አየች። ጥፍሮቻቸው ተሞርደው የተስተካከሉ ናቸው። ወጥታ ድባቴ ያለባቸው ልጆች ተኝተው ወደሚታከሙበት ክፍል ሄደች።

የልጆቹ ክፍል ውስጥ ነርሷ የቀትሩን መድኃኒት ጋሪ ላይ ትደረድራለች፤ ከጎኑ የወረቀት ኩባያዎች ተነባብረዋል።

«ብርጭቆ የላችሁም?»

«ልጆቹ ራሳቸውን እንዳይጎዱበት ብርጭቆም ሲኒም እዚህ አይገባም። እጃችን ይህን ለምዷል።» ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፕሮፌሰሩ ትናንት ‹መድኃኒቱን ነገ እናቆማለን፤ ጽሑፉ ስህተት መሆኑን አሳውቃለሁ› ብለውኝ ነበር። አንዲት ልጅ መድኃኒቱን እየወሰደች ብሶባት ራሷን አጠፋች፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን የለችም። ምክትሉ ደግሞ አሁን ‹ቀጥዪ› ይለኛል። ልስጥ ወይስ ይቅር? ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው።»

«ትንሽ አቆዪው፣ ሲስተር።»

የሟቹ ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እንባቸው ደርቋል።

«እሱ እስከ እኩለ ቀን ሊተኛ?» አሉ። «እኔንም ጎህ ሳይቀድ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ሻይም ቢሆን ከገዛ ሲኒው ካልሆነ አይጥመውም፤ ቢሮው መደርደሪያ ላይ አለልህ።» ለማን እንደሚያወሩም የጠፋቸው ይመስላሉ። መርማሪዋ ትከሻቸውን ያዝ አድርጋ አስነሳቻቸው።

ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ አስቀመጠች። አንድ ፖሊስ በሩን ያዘ።

«ሰው ለራሱ ሻይ ሲቀዳ በለመደው ዕቃ ነው» ብላ ጀመረች። «ሲኒያቸው ንጹሕ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ነው። በወረቀት ኩባያ የቀዳላቸው እጁ የልጆቹን ክፍል የለመደ ሰው ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው አይደሉም።»

ነርሷ ክው አለች። «እኔ ወይም እሱ ማለት ነው?»

«አዎ። በሽታ የፈጠረላቸው ግን እሱ ብቻ ነው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ጎህ ሳይቀድ የሚነሱትን ሰው እስከ እኩለ ቀን አስተኟቸው። ደህናውን ጥፍር አደሙት። ባለሙያ ነዎትና ከባዶ አልፈጠሩትም፤ የእውነተኛ ታማሚ ሕመም ተውሰው ነው የሰጧቸው። ሲስተር፣ የምትነጫነጭ፣ በር የምትወረውር፣ ጥፍሯን እስኪደማ የምትነክስ ማን ናት?»

ነርሷ ወደ ምክትሉ ዞረች። «የሞተችው ልጅ። ሐኪሟ እሱ ነበር። ‹ምንም አላየሁባትም፤ እናቷ መድኃኒቷን አቋርጣባት ነው› ብሎ ነበር።»

«አይቷል እንጂ! ዛሬ ጠዋት አንድ በአንድ ነገረኝ።»

ምክትሉ ላቡን ጠረገ። «አንዲት ልጅ እኮ ናት» አለ። «ለአንዲት ልጅ ብለው የስንት ዓመት ድካማችንን አፈር ሊያበሉት! ለምኛቸው ነበር፤ እምቢ አሉ።»

እንዲህ ያለ ሰው ላይ መትፋት ራሱ ምራቅ ማባከን ነው። መርማሪዋ ለፖሊሱ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ምክትሉ በካቴና ታስሮ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር አለ።

«ጽሑፉ ግን አይሰረዝም አይደል?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስወጣው። ነርሷ ወደ ክፍሉ ሄዳ መድኃኒቱን ከጋሪው ላይ አነሳች፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ካፖርቷን ደረበች።

«ወዴት ነሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«የልጅቷ እናት ጋ። ‹እኔ ነኝ የገደልኳት› እያለች ነው የምትኖረው።»

መርማሪዋ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። «ነዪ፣ እኔ አደርስሻለሁ።»