ዜማውን ያስሮጠው ማን ነው?

«አላስሮጥኩም አልኩሽ እኮ!» አለ የኋላሸት፣ መሬት መሬት እያየ።

ሶልያና ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። ከስሙ አጠገብ ቀይ ነጥብ በርቷል። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? እኔ አልቀባሁት!»

ድረ ገጹን የሠራችው ራሷ ናት። መሪጌታ አማረ የጥምቀቱን ወረብ ሲያዜሙ በስልኳ ቀዳችና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ከየቤታቸው በየስማቸው እየከፈቱ እንዲያጠኑት ጫነችላቸው። ልጅ አይደል፣ አንዳንዱ አፍጥኖ አፍጥኖ «ሰማሁ» ማለት ጀመረ። መሪጌታ ተቆጡ። «ዜማ ባጃጅ ነው እንዴ የሚያስሮጡት? ያስሮጠ ለጥምቀት ከሰልፉ አይገባም!» አሉ። ሶልያናም ከኮምፒውተር ክበብ በለቃቀመችው ጃቫስክሪፕት ጥቂት የኮድ መስመር ጨመረች፤ የድምፁን ፍጥነት የነካ ሰው ስሙ ላይ ቀይ ይብራበት ብላ።

በራም። በማን? አብሯት ባደገው በየኋላሸት።

«ለየኔታ ልትነግሪ ነው?»

«ዝም ካልኩ እኔም ዋሸሁ ማለት አይደል?»

«ንገሪያ!» ብሏት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሄደ።

ግራ ገባት። ያጠፋ ሰው ይለማመጣል እንጂ እንዲህ ይቆጣል? ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ገጹን ደግማ አየችው፤ ጭራሽ ባሰባት። የጀመረበትና የጨረሰበት ሰዓት ተመዝግቧል፤ ከሁሉም ልጆች አብልጦ የቆየው እሱ ነው። ያስሮጠ ሰው እንዴት ከሁሉ ኋላ ይደርሳል? ገጹ አብዷል?

ኮዱን ከፍታ ቀስ ብላ አነበበችው። የጻፈችው «ፍጥነቱ አንድ ካልሆነ» ብላ ነው፤ አንድ የመሪጌታ የራሳቸው ፍጥነት ነው። ከአንድ ይብለጥ ይነስ ኮዱ አይጠይቅም። እሷስ መቼ ጠየቀች? ዜማ የሚያዘገይ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችማ!

ሮጣ በሩ ላይ ደረሰችበት። «አዘግይተህ ነው እንዴ የሰማኸው?»

የኋላሸት ወደ እሷ ዞረ። «እናንተ ቶሎ ትይዛላችሁ። እኔ ያመልጠኛል» አለ። «ለማንም እንዳትነግሪ፤ ይሥቁብኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«አንቺ መች ጠየቅሽኝ? ‹አስሮጥክ› ነው ያልሽኝ!»

«ሶልያና!» መሪጌታ ከአዳራሹ ደጃፍ ተጣሩ። «ቀይ የበራበት አለ?»

የኋላሸት አንገቱን ደፋ። ሶልያና አለ ብትል እሱ ቀረ፤ የለም ብትል ዋሸች።

«የኔታ፣ የጻፍኩት ተሳስቷል። ላርመውና አሳይዎታለሁ» አለች።

እዚያው ቆማ ቀዩን ለሚያስሮጥ ብቻ አደረገችው። ከዜማው ሥር ለሁሉም የሚታይ አንድ ቁልፍ ጨመረችና «ቀስ ይበል» ብላ ጻፈችበት።

ከዚያ የኋላሸት እያየ፣ ቀድማ ራሷ ተጫነችው።